በሰርዲኒያ ባህላዊ ምግብ ቤት ምን ይቀርባል፣ እንዴትስ ይበላል?

ሰርዲኒያ የጣሊያን ደሴት ስለሆነች ወደ ምግብ ቤቷ የሚገባ እንግዳ የሚጠብቀው ዓሣ ነው። ከባህሩ ዳርቻ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ወደ ተራራው ከተገባ ግን የሚገኘው የእረኛ ገበታ ነው፤ በግ፣ የበግ ወተት ፎርማጆ፣ እንደ ወረቀት የሳሳ የስንዴ ቂጣ፣ ከፍም አጠገብ ለሰዓታት የቆየ ሥጋ። ይህን ሳያውቅ የተቀመጠ ሰው ሁለት ነገር ይሳሳታል። አንዱ የሌለ ምግብ መፈለግ ነው። ሌላውና የሚያስቆጨው ደግሞ መጀመሪያ የሚደረደሩት ትናንሽ ሳህኖች ምሳው ራሱ መስለውት በእነሱ ጠግቦ፣ ግማሽ ቀን የተደከመበት ሥጋ ሲመጣ ሳይቀምሰው መቅረቱ ነው።

የደሴቲቱ ሰው ከባህር ለምን እንደራቀ ማወቅ ሜኑውን ለማንበብ ይረዳል። ለብዙ ዘመናት የሰርዲኒያ ዳርቻ ረግረጋማ ስለነበር የወባ አገር ነበር፤ በዚያ ላይ የባህር ወንበዴዎች በየጊዜው ይወርዱበት ነበር። የእኛ ደገኛ ወባ ፈርቶ ቆላ እንደማይወርደው ሁሉ የሰርዲኒያም ሰው ከብቱን ይዞ ወደ ከፍታው ሸሸ። ወባው ከደሴቲቱ የጠፋው ከ1946 እስከ 1950 እ.አ.አ. በሮክፌለር ፋውንዴሽን ድጋፍ በተካሄደው የዲዲቲ ርጭት ዘመቻ ነው። ዛሬ በፎቶ የምናያቸው የባህር ዳር መዝናኛዎች አብዛኞቹ ከዚያ ወዲህ የመጡ ናቸው፤ የወጥ ቤቱ ልማድ ግን ከዚያ በፊት የተሠራ ነው። አሁንም ቢሆን 1.6 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ በሚኖርባት ደሴት ወደ 3 ሚሊዮን የሚጠጉ በጎች አሉ።

የት ይበላል፣ መቼ ይኬዳል

ከተማ ውስጥ ሪስቶራንቴ ወይም ትራቶሪያ የሚል ሰሌዳ የሰቀሉ ቤቶች ሜኑ ስላላቸው የፈለጉትን መርጠው ያዛሉ። አግሪቱሪዝሞ የሚባለው ግን ሌላ ነገር ነው። ገበሬው ወይም በግ አርቢው በራሱ ግቢ እንግዳ የሚያስተናግድበት ቤት ሲሆን፣ ከሚያቀርበው ምግብ ጉልህ ድርሻ ያለው ከራሱ እርሻ እንዲመጣ ሕግ ያስገድደዋል። ባህላዊውን ገበታ ከነሥርዓቱ ማየት ለሚፈልግ ሰው የሚመከረው ይኸኛው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሜኑ የለውም። የዕለቱ ምግብ በየተራ ይመጣል፤ ዋጋውም በሰው ቁጥር የተቆረጠ ሆኖ ወይንና ውሃ ጨምሮ ብዙ ቦታ ከ35 እስከ 50 ዩሮ ይደርሳል።

አግሪቱሪዝሞ ሳይደውሉ አይኬድም። ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት ደውለው ስንት ሰው እንደሆኑ፣ ስንቱ ሕፃን እንደሆነ፣ የማይበሉት ነገር ካለም ምን እንደሆነ ይናገሩ። ሥጋው እሳት አጠገብ የሚቆመው በእንግዳው ቁጥር ልክ ነውና ድንገት የሚመጣ ሰው ወይ ይመለሳል ወይ የሌላውን ድርሻ ይካፈላል። የአሳማ ሥጋ እንደማይበሉ ደርሰው ከተቀመጡ በኋላ ቢናገሩ ወጥ ቤቱ ሊያደርግ የሚችለው ጥቂት ነው፤ አስቀድመው ከተናገሩ ግን በግ ይጠበስልዎታል።

ሰዓቱም ጥብቅ ነው። ምሳ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል እስከ 8 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ በእነሱ አቆጣጠር ከ12:30 እስከ 14:30 መሆኑ ነው። እራት ከምሽቱ 2 ሰዓት በፊት አይጀመርም። በመካከል ያለው ጊዜ ወጥ ቤቱ የሚዘጋበት ነው። ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ርቦት የገጠር ምግብ ቤት የሚፈልግ ሰው ከቡና ቤት ሳንድዊች በቀር የሚያገኘው አይኖርም።

የገበታው ተራ እንደ ሌላው ጣሊያን ነው። መክፈቻው አንቲፓስቶ፣ ከዚያ ፓስታው ያለበት ፕሪሞ፣ ከዚያ ሥጋው ያለበት ሰኮንዶ፣ ቀጥሎ ፎርማጆና ፍራፍሬ፣ ከዚያ ጣፋጩ ዶልቼ፣ ቡና፣ በመጨረሻም አልኮሉ። ሙሉው ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። አንቲፓስቶው ብቻውን ስድስትና ሰባት ሳህን ሊሆን ይችላል፤ የደረቀ ቋሊማ፣ ፕሮሹቶ የሚባለው በጨው የደረቀ የአሳማ ጭን፣ ወይራ ፍሬ፣ ሪኮታ የሚባለው ለስላሳ አይብ፣ የተጠበሰ አትክልት። ከየሳህኑ አንድ ሁለት ጉርሻ ወስዶ መተው ነውር አይደለም። ፕሪሞው ብዙ ጊዜ ሁለት ዓይነት ፓስታ ነው፤ ሳህኑ ባዶ ሲሆን አስተናጋጁ ይጨምራል። «ባስታ ኮዚ፣ ግራጽዬ» ማለት «ይበቃኛል፣ አመሰግናለሁ» ነው፤ ይህቺን ሐረግ ከፓስታው በፊት መያዝ ሥጋውን ለመድረስ ያስችላል።

ቂጣው

ወንበር እንደያዙ ጠረጴዛው ላይ የሚያገኙት የተደራረበ፣ ክብ፣ ሲነኩት ኩርሽም የሚል ቂጣ ፓኔ ካራሳው ይባላል። ጣሊያኖች «የሙዚቃ ወረቀት» የሚል ቅጽል ስም አውጥተውለታል። የሰርዲኒያን ምግብ ለመረዳት ከአንድ ነገር መጀመር ካለብን የምንጀምረው ከዚህ ነው።

ሊጡ ከዱረም ስንዴ በሚፈጨው ሸካራ ዱቄት፣ በውሃ፣ በጨውና በእርሾ ይቦካል፤ ቅባት የሚባል ነገር አይገባበትም። ቦክቶ ሲያበቃ 40 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ስስ ክብ ተደርጎ ይዳመጥና በጣም በጋለ የእንጨት ምድጃ ውስጥ ይገባል። በሰከንዶች ውስጥ እንደ ፊኛ ይነፋል። ጋጋሪዋ ወዲያው ታወጣውና ትንፋሹ ሳይወጣ በጠርዙ ዙሪያ በቢላዋ ትሰነጥቀዋለች፤ አንዱ ቂጣ ሁለት ቅጠል ይሆናል። ቅጠሎቹ ተደራርበው ከቆዩ በኋላ አንድ በአንድ ወደ ምድጃው ተመልሰው ይደርቃሉ። ስሙ የመጣው ከዚህ ሁለተኛ ሥራ ነው፤ በሰርዲኒያ ቋንቋ ካራሳሬ ማድረቅ፣ ማመስ እንደማለት ነው። የመጀመሪያው እሳት ደካማ ከሆነ ቂጣው አይነፋም፤ ያልተነፋ ደግሞ አይሰነጠቅም፤ ሲደርቅም ጥርስ የማይገባው ወፍራም ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀራል።

ምክንያቱ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ድርቆሽ ለመንገደኛና ለዘማች የተሠራ እንጀራ እንደሆነ ሁሉ ካራሳውም ከበጎቹ ጋር ለሳምንታት ከቤቱ ለሚርቅ እረኛ የተሠራ ቂጣ ነው። እርጥበት እስካላገኘው ድረስ ለወራት አይበላሽም። ድርቆሽ ወጥ ሲያገኝ ነፍስ እንደሚዘራ ካራሳውም መረቅ ሲነካው ወደ ለስላሳ ምግብ ይመለሳል።

ይህ የሚታየው ፓኔ ፍራታው በሚባለው ምግብ ላይ ነው። ለአንድ ሰው ሁለት ወይም ሦስት ቅጠል ካራሳው ይያዝና እያንዳንዱ በፈላ የበግ መረቅ ውስጥ ለጥቂት ሰከንዶች ብቻ ይነከራል። ሳህን ላይ ይነጠፋል፤ የቲማቲም ስጎ ይቀባል፤ ፔኮሪኖ የሚባለው የበግ ወተት ፎርማጆ ተፈግፍጎ ይነሰነሳል፤ ሌላ ቅጠል ይደገማል። አናቱ ላይ ያለ ቅርፊቱ በመረቁ ውስጥ የበሰለ፣ አስኳሉ ያልረጋ እንቁላል ይቀመጣል። አበላሉም አስኳሉን አፍርጦ ከላይ እስከ ታች በሹካ እየቆረጡ መውሰድ ነው። ጥሩ ፍራታው ለስልሶም ቅጠሎቹ ተለይተው ይታወቃሉ። ገንፎ መስሎ ከመጣ መረቁ ውስጥ ከልክ በላይ ቆይቷል፤ ጠርዙ ከተንኮሻኮሸ ደግሞ መረቁ አልፈላም ነበር። አንዱ ምግብ ቤት ይህን ቀላል ምግብ እንዴት እንደሚያቀርብ ማየት ስለ ወጥ ቤቱ ብዙ ይናገራል። በወይራ ዘይትና በጨው ብቻ እሳት የነካው ካራሳው ደግሞ ጉቲያው ይባላል፤ ከወይን ጋር እየቆረጠሙ ሌላውን ምግብ ለመጠበቅ ነው።

በሰሜን ምሥራቅ፣ ጋሉራ በሚባለው አገር፣ «ሱፓ ኩዋታ» ወይም «ዙፓ ጋሉሬዜ» የሚል ስም ያያሉ። ስሙ ሾርባ ቢልም ማንኪያ የሚያስጠይቅ አይደለም። የቆየ ዳቦ፣ ለጋ ፎርማጆና መረቅ ተደራርበው ምድጃ ውስጥ የሚጋገሩ ነው፤ እንደ ላዛኛ በቢላዋ ይቆረጣል። ከሱ በኋላ ሌላ ፓስታ ያዘዘ ሰው አይጨርሰውም።

በእጅ የሚሠሩት ፓስታዎች

የሰርዲኒያ ፓስታ ሥረ ነገሩ የዱረም ዱቄትና ውሃ ነው፤ እንቁላል አብዛኛውን ጊዜ የለበትም። ልዩነቱ የሚመጣው ከእጅ ሥራው ነው።

ማሎሬዱስ በመዳፍ የምትያዝ፣ ሸንተረር ያላት ትንሽ የተጠቀለለች ፓስታ ናት። ሸንተረሩ ድሮ ሊጡን በአውራ ጣት ከሰፌድ ጀርባ ላይ በማንከባለል የሚወጣ ሲሆን ሥራው ጌጥ አይደለም፤ ስጎው የሚይዘው እሱን ነው። «አላ ካምፒዳኔዜ» ከተባለ በደቡቡ ሜዳ አገር ሥርዓት በአሳማ ቋሊማ፣ በቲማቲም፣ በሳፍሮንና በፔኮሪኖ ይሠራል። ሳፍሮኑ የራሷ የደሴቲቱ ነው፤ በሳን ጋቪኖ ሞንሬያሌ አካባቢ ይመረታል። ቀለሙ ቢያሳስትም እርድ አይደለም፤ ሽታው ማር ማርና ደረቅ ሣር ሣር ይላል።

ኩሉርጆኔስ ከምሥራቁ፣ ከኦሊያስትራ የመጣ ነው። ከ2016 እ.አ.አ. ጀምሮ ስሙ በአውሮፓ ኅብረት የተጠበቀ በመሆኑ የኦሊያስትራ ኩሉርጆኒስ ተብሎ የሚሸጠው እዚያው የተሠራው ብቻ ነው። መሙያው የተቀቀለና የተፈጨ ድንች፣ የበግ ፎርማጆ፣ ናናና ነጭ ሽንኩርት ነው። ለ1 ኪሎ ድንች ከ300 እስከ 400 ግራም ፎርማጆና አንድ እፍኝ ያህል የናና ቅጠል ይበቃል። ስስ ክብ ሊጥ በመዳፍ ይያዝና መሙያው መሐል ላይ ይቀመጣል፤ ከዚያ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ከግራ አንዴ ከቀኝ አንዴ እየቆነጠጡ እስከ ጫፉ ይዘጋል። ሲያልቅ የስንዴ ዛላ ይመስላል፤ በቋንቋቸውም «ስፒጊታ»፣ ትንሿ ዛላ ይሉታል።

የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ ከድንቹ ነው። አዲስ ድንች ውሃ ስለሚበዛበት መሙያውን ያላላል፤ የላላ መሙያ ሊጡን ያረጥባል፤ የረጠበ ሊጥ ደግሞ ሲቀቀል ይከፈታል። ስለዚህ የቆየ ድንች ከነልጣጩ ይቀቀልና ትኩስ ሳለ ይፈጫል፤ ከፎርማጆው ጋር የሚደባለቀው በርዶ ነው። ጨው ባለበት ውሃ ገብቶ ሲንሳፈፍ ከአንድ ሁለት ደቂቃ በኋላ ይወጣል። ሲቀርብ ቀጭን የቲማቲም ስጎ በላዩ ጣል ይደረግበታል። ስጎው ውስጥ የዋኘ ከሆነ የናናውን ሽታ አያገኙትም። በአንድ ሳህን አምስት ወይም ስድስት ይመጣል፤ ቢላዋ ሳይነካው በሹካ ለሁለት ይከፈላል።

ፍሬጉላ ደግሞ ኩስኩስን የሚመስል ግን ተለቅ ያለ እህል ነው። ሸካራው ዱቄት በሸክላ ገበቴ ውስጥ የጨው ውሃ እየተረጨበት በጣቶች ሲሽከረከር ትናንሽ ድብልብል ይሆናል፤ ይደርቅና በምድጃ ይታመሳል። የታመሰው እያንዳንዱ ፍሬ ቀለሙ እኩል አይደለም፤ አንዱ ወርቃማ ሌላው ቡኒ ነው፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ገርጥቶ ከታየ በፋብሪካ ተሠርቶ በቅጡ ያልታመሰ ነው። ባህር ዳር አርሴሌ ከሚባሉ ትናንሽ ባለ ዛጎል ፍጥረቶች ጋር፣ ወደ ውስጥ ደግሞ ከአትክልት ወይም ከሥጋ መረቅ ጋር ይሠራል።

ሱ ፊሊንዴው የሚባለውን ፓስታ ምግብ ቤቶች ብዙ ጊዜ አያቀርቡትም። በኑዎሮ ከተማ ጥቂት ሴቶች ብቻ የሚችሉት ሥራ ነው። ሊጡ በሁለት እጅ ተስቦ ይታጠፋል፣ እንደገና ተስቦ ይታጠፋል፤ ስምንት ጊዜ ሲሆን 256 ክር ይወጣዋል። ክሮቹ በክብ ገበታ ላይ በሦስት ንብርብር ተጠላልፈው ፀሐይ ላይ ከደረቁ በኋላ እንደ ጨርቅ የተሸመነ ነገር ይሆናሉ። ይህ ተሰብሮ በበግ መረቅና በለጋ ኮምጣጣ አይብ የሚበላው ሉላ በምትባል መንደር ወደሚገኘው የቅዱስ ፍራንቼስኮ ቤተ ክርስቲያን በእግር ለሚሄዱ ተሳላሚዎች ነው። ሌሊቱን ሲጓዝ ያደረ ሰው እንደ ጠበል ጸዲቅ የሚቀበለው ትኩስ ሾርባ ነውና ምግብ ቤት ውስጥ ካጋጠመ ዕድል ነው፤ ዋጋው ቢወደድም ሥራውን ላየ ሰው አይገርምም።

ሥጋው፣ አደሱና የሚጠየቀው ጥያቄ

የሰርዲኒያ ታዋቂው ጥብስ ፖርቼዱ ነው፤ ገና የሚጠባ፣ ከ5 እስከ 6 ኪሎ የሚመዝን የአሳማ ግልገል። በእምነቱ ምክንያት ለማይበላው አንባቢም አሠራሩን ማወቅ ይጠቅማል፤ የበግና የፍየል ግልገልም የሚጠበሰው በዚሁ መንገድ ነውና። እንስሳው ለሁለት ተሰንጥቆ በረዥም ዘንግ ይሰካና ከእሳቱ ጎን ይቆማል። ነበልባል ላይ አይጋደምም። መጀመሪያ ውስጡ ወደ ፍሙ ዞሮ ቀስ ብሎ ይሞቃል፤ ቆዳው ወደ እሳቱ የሚዞረው በመጨረሻ ነው። ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ይፈጃል። እንጨቱም ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ኦክ የሚባለው ዛፍ ሲቀር የተቀሩት ወይራ፣ የጥድ ወገንና አደስ ናቸው።

አደስ ያልነው በስህተት አይደለም። በአገራችን ቅቤ የሚቀመምበት፣ ፀጉር የሚቀባበት አደስና የሰርዲኒያው ሚርቶ አንድ ተክል ናቸው። ጥብሱ ከእሳት እንደወረደ በቡሽ ትሪ ላይ በተነጠፈ የአደስ ቅጠል ላይ ይጋደማል፤ በላዩም ቅጠል ይደረግበታል። የሥጋው ሙቀት የቅጠሉን ዘይት ያወጣና ሽታው ወደ ሥጋው ይገባል። እዚያ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ኢትዮጵያዊ የእናቱን ቅቤ ቢያስታውስ አይፈረድበትም።

ጥሩውን ከመጥፎው የሚለየው ቆዳው ነው። ሲቆረጥ የሚሰበር ድምፅ ካልሰጠ፣ እንደ ላስቲክ ከተሳበ፣ ሥጋው ቀድሞ ተጠብሶ በኋላ የተሞቀ ነው። ቆዳው ጠቁሮ አጥንቱ ዙሪያ ደም ካለ ደግሞ እሳቱ ቀርቦ ተቸኩሎበታል። በቶሎ የሚደርስ ፖርቼዱ የለም፤ «በ20 ደቂቃ ይደርሳል» የሚል ቤት ያዘጋጀው ከትናንት ነው። ከደሴቲቱ ውጭ ይህን ምግብ ማግኘት ለምን እንዳስቸገረ ለሚጠይቅ፣ የአፍሪካ የአሳማ ወረርሽኝ የሚባለው በሽታ ከ1978 እ.አ.አ. ጀምሮ ደሴቲቱ ላይ ስለቆየ አሳማና የአሳማ ምርት እንዳይወጣ ለረዥም ጊዜ ተከልክሎ ነበር፤ የአውሮፓ ኅብረት እገዳውን ያነሳው በ2024 እ.አ.አ. ነው።

አሳማ ለማይበላ ሰው የሚሻለው ምርጫ «ፔኮራ ኢን ካፖቶ» ነው፤ ቃል በቃል «ካፖርት የለበሰች በግ»። ያደገ በግ ሥጋ ከነአጥንቱ ተቀቅሎ፣ አረፋው በደንብ ተገፍፎ፣ ሙሉ ድንችና ሙሉ ሽንኩርት ይገባበታል። ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል በለዘብተኛ እሳት ይቆያል። ሥጋውና ድንቹ በአንድ ሳህን፣ መረቁ ካራሳው እየተሰበረበት በሌላ ይመጣል። አረፋው ካልተገፈፈ መረቁ ይደፈርሳል፣ የበጉም ሽታ ይከብዳል። የእኛን ቅቅል ለሚወድ ሰው ከጠቅላላው ገበታ የሚቀርበው ይህ ነው። በጸደይ ወራት የበግ ጠቦት አርቲቾክ በሚባል አትክልት ወይም በዱር እንስላል ይሠራል፤ እሱም አያሳፍርም።

አሁን ወደ ጥያቄው። ሜኑ ላይ «ማያሌ»፣ «ማያሌቶ»፣ «ፕሮሹቶ»፣ «ሳልሲቻ»፣ «ጓንቻሌ»፣ «ፓንቼታ»፣ «ላርዶ» የሚሉት ሁሉ አሳማ ናቸው። «ካቫሎ»ና «ፑሌድሮ» ፈረስ፣ «አሲኔሎ» አህያ ነው፤ በደሴቲቱ ሁለቱም በግልጽ የሚሸጡና የሚወደዱ ሥጋዎች ናቸውና «ብስቴካ» (ስቴክ) የሚለውን ብቻ አይቶ ማዘዝ አይገባም። የሚያስቸግረው ግን የማይታየው ነው። «ስትሩቶ» የተነጠረ የአሳማ ስብ ሲሆን በብዙ ባህላዊ ሊጥ ውስጥ አለ፤ በተለይ በጣፋጮቹ። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ምግብ ቤቶች 14 ዓይነት የአለርጂ መነሻዎችን እንዲያሳውቁ ያስገድዳል፤ ስትሩቶ ግን አለርጂ ስላልሆነ ዝርዝሩ ላይ አይገኝም። «ቼ ስትሩቶ?» ብሎ በአፍ መጠየቅ ብቻ ነው መፍትሔው።

በጾም ወቅት ለሚሄድ ሰው ነገሩ ከሚታሰበው ይቀላል። ካራሳው ቅባት የለውም፤ ፓስታው እንቁላል የለውም፤ የድሃ እረኛ መሠረቱ ራሱ የጾም ነው ማለት ይቻላል። የሚፈሰከው ከላይ በሚጨመረው ነው። ማሎሬዱስ በቲማቲም ስጎ ብቻ፣ ፍሬጉላ በአትክልት፣ ጉቲያው፣ አርቲቾክና ባቄላ ማዘዝ ይቻላል። «ሴንጻ ፎርማጆ» ያለ ፎርማጆ፣ «ሴንጻ ካርኔ» ያለ ሥጋ ማለት ነው። ፍሬጉላው በሥጋ መረቅ እንዳልበሰለና ባቄላው ላርዶ እንዳልገባበት ግን ይጠይቁ። ኩሉርጆኔስ የጾም አይሆንም፤ ፎርማጆው ውስጡ ነው።

ባህር ዳር

በዳርቻው ከተሞች ዓሣ በእርግጥ አለ። ካብራስ አካባቢ ከሙሌት ዓሣ እንቁላል የሚሠራው ቦታርጋ የታወቀ ነው። የእንቁላሉ ከረጢት ሳይቀደድ ይወጣል፣ ጨው ይደረግበታል፣ በሸክም ተጨፍልቆ ይደርቃል፤ ሲያልቅ ቀለሙ እንደ ደረቀ ብርቱካን ልጣጭ ይሆናል። በስፓጌቲ ላይ የሚፈገፈገው እሳቱ ከጠፋ በኋላ ነው፤ ከበሰለ መራራ ይሆናል። በአልጌሮ ሎብስተር በቲማቲምና በሽንኩርት «አላ ካታላና» ይቀርባል፤ ከተማዋ የካታላን ተናጋሪዎች የሰፈሩባት ናትና። እዚህ ላይ የሚደረግ ጥንቃቄ ዋጋውን ነው። ሜኑው ላይ የተጻፈው ቁጥር ብዙ ጊዜ የ100 ግራም ዋጋ ነው፤ «ኤቶ» የሚል ካዩ 100 ግራም ማለት ነው። ሎብስተሩ ወይም ዓሣው ከመብሰሉ በፊት እንዲመዘንና ጠቅላላው ስንት እንደሆነ እንዲነገርዎት ይጠይቁ። ከምግቡ ስም ጎን ኮከብ ምልክት ካለ በረዶ የነበረ ነው።

ፎርማጆ፣ ሴያዳስ፣ ሚርቶ

ከሥጋው በኋላ የሚመጣው ፔኮሪኖ ለጋውና የቆየው ጎን ለጎን ይቀመጣል፤ ከለጋው ተጀምሮ ወደ ቆየው ይኬዳል። ፊዮሬ ሳርዶ የሚባለው ካልተፈላ ጥሬ ወተት የሚሠራና ጭስ የሚነካው የእረኞች ፎርማጆ ነው፤ አፍ ላይ ያቃጥላል፣ ያ ጉድለቱ ሳይሆን ጠባዩ ነው። ትል ያለበት ፎርማጆ፣ ካሱ ማርዙ፣ በዓለም ስሙ የገነነ ቢሆንም መሸጥ ስለማይፈቀድ በምግብ ቤት ሜኑ ላይ አይጠበቅም።

ሴያዳስ ግን ሊቀር አይገባም። በሁለት ስስ ሊጥ መካከል ፎርማጆ ተደርጎ፣ ተጠብሶ፣ ማር የሚፈስበት ነው። ምስጢሩ ፎርማጆው መኮምጠጡ ላይ ነው። ለጋው የበግ ፎርማጆ አንድ ሁለት ቀን ተቀምጦ ሲኮመጥጥ ብቻ ነው ሲሞቅ እንደ ማስቲካ የሚሳበው፤ ያልኮመጠጠ ተበትኖ ይቀራል። ይቀልጥና የሎሚ ልጣጭ ተፈግፍጎበት በጠፍጣፋ ክብ ይቀዘቅዛል፤ ሊጡ መካከል ገብቶ ጠርዙ አየር ሳይቀር በጥንቃቄ ይዘጋል። አየር የቀረበት ዘይት ውስጥ ይፈነዳና ፎርማጆው ይፈሳል። ሲጠበስ አይገለበጥም፤ የጋለው ዘይት በማንኪያ በላዩ ይፈስበታል። እንደመጣ ወዲያው ይበላል፤ አምስት ደቂቃ ከቆየ ፎርማጆው ይረጋል። ባህላዊው ማር ኮርቤዞሎ ከሚባል ዛፍ አበባ የሚገኘው መራራ ማር ነው፤ መራራነቱ የፎርማጆውን ስብ ይሰብራል። ያልለመደው ሰው ትንሽ አስጠግቶ ይቅመስና ካልተስማማው ሌላ ማር ይጠይቅ። ሊጡ በልማድ ስትሩቶ እንዳለበት ግን አይርሱ።

ወይኑ ለሥጋው ካኖናው የሚባለው ቀይ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከ13 እስከ 15 በመቶ አልኮል ስላለው በሙቀት ቀን ምሳ ላይ ይከብዳል። ለዓሣው ከጋሉራ የሚመጣው ነጩ ቬርሜንቲኖ ይሻላል። መጨረሻ ላይ ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ የሚተውልዎት ሚርቶ ከአደስ ፍሬ የሚወጣ ጥቁር ወይን ጠጅ ቀለም ያለው መጠጥ ነው። ፍሬው ለሳምንታት በንጹህ አልኮል ይዘፈዘፋል፣ ይጠለላል፣ የስኳር ሽሮፕ ይጨመርበታል፤ 30 በመቶ ገደማ ይሆናል። በትንሽ ብርጭቆ፣ እጅግ ቀዝቅዞ ይጠጣል፤ ሳይቀዘቅዝ ከመጣ ጣፋጭነቱ ያይላል። ፊሉ ፌሩ ደግሞ ከወይን ጭማቂ ቅሪት የሚወጣ አረቄ ነው። ስሙ «የብረት ሽቦ» ማለት ነው፤ ቀረጥ ሸሽተው ጠርሙሱን መሬት የሚቀብሩ ሰዎች ቦታውን እንዳይረሱ ሽቦ ጫፉን አስቀርተው ስለሚተክሉበት። መኪና የሚነዳ ሰው ሁለቱንም ይተዋቸው፤ የተራራው መንገድ ጠመዝማዛ ነው።

ሂሳቡ ሲመጣ «ኮፔርቶ» የሚል መስመር ካዩ ለቂጣውና ለጠረጴዛው የሚከፈል ነው፤ ለሰው 2 ወይም 3 ዩሮ ያህል ይሆናል፣ ሜኑው ላይ አስቀድሞ መጻፍ አለበት። ጉርሻ ግዴታ አይደለም። ሂሳብ ካልጠየቁ አይመጣም፤ አስተናጋጁ ረስቶዎት ሳይሆን ማባረር ስለሚመስልበት ነው። «ኢል ኮንቶ፣ ፔር ፋቮሬ» ይበሉ።

ብዙ አግሪቱሪዝሞዎች ካራሳውና ፎርማጆ ለሚወስድ እንግዳ ይሸጣሉ። ካራሳውን ሻንጣ ውስጥ በልብስ መካከል አጋድመው ያስቀምጡት፤ ከቆመ ይሰባበራል። ቤት ከደረሰ በኋላ እርጥበት ነክቶት ከላላ በጋለ ምድጃ ለሁለት ደቂቃ ያህል መልሶ ማስገባት ነው፤ እንደ መጀመሪያው ቀን ኩርሽም ይላል።